ማንም «ለምን» ያላለው መስመር

ግድግዳው ላይ አምስት መስመር የኮምፒውተር ፕሮግራም በትልቁ በርቷል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎችም እየሳቁበት ነው። ሺንሩም አብራ ሳቀች። ድምፅ የሌለው፣ ሌሎች ስለሳቁ ብቻ ፊቷ ላይ የመጣ ሳቅ ነበር፤ እነሱ ሲያቆሙ አቆመች። የቡድኑ አለቃ ፓን ከመንገድ ማዶ በስልሳ አምስት የታይዋን ዶላር የገዛውን የእንቁላል ቂጣ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ግድግዳውን እየጠቆመ፣ ከተቀጠሩ ሳምንት ያልሞላቸውን ሁለት ልጆች ያስተምራል። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህችን ገጽ ያሳያል። ነባሮቹ ቀልዱን በቃላቸው ያውቁታል፤ እንደ ዘፈን አዝማች አብረውት የሚጨርሱም አሉ።

«ይኼ ሰውዬ» አለ ፓን እያኘከ፣ «አፓርታማው ውስጥ ደወል በተደወለ ቁጥር፣ በሩን ሳይከፍት፣ ማን እንደመጣ ሳያይ፣ ‹የኔ እንግዳ ነው! የኔ እንግዳ ነው!› እያለ የሚጮህ ጎረቤት ማለት ነው። ፖስተኛም ይምጣ ፖሊስ፣ የሱ ነው! ከሱ ጋር አንድ ደረጃ ከመጋራት ይሰውራችሁ።»

ሥራው ለውጭ ሰው ሲነገር ከባድ አይደለም። ስዕል ወደ ስክሪን የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ አንዱን ስዕል በጨረሰ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ጥሪ ያሰማል፤ የያዝከውን ተውና ስማኝ ይላል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙ ዕቃ አንድ የጥሪ መስመር ይጋራል፤ ካርዱም፣ ማውሱም፣ ድምፅ ማጫወቻውም። ስለዚህ ጥሪ በተሰማ ቁጥር የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል የየዕቃውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ ተራ በተራ «ያንተ ነው ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ድራይቨሩም ዕቃውን መርምሮ የእኔ ነው ወይም የእኔ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ሁሉም የእኔ አይደለም እያሉ ጥሪው ካላቋረጠ ከርነሉ መስመሩ ተበላሽቷል ብሎ ይዘጋዋል፤ መዝገቡም ላይ «ማንንም ግድ አላለውም» ብሎ ይጽፋል። ግድግዳው ላይ የበራው ድራይቨር ግን ምንም ሳይመረምር ሁልጊዜ የእኔ ነው ይላል። እስከ ዛሬ በከርነሉና በግራፊክስ ድራይቨሮቹ መካከል እንደ ደላላ ሆኖ ጥሪ የሚያቀብል አሮጌ ፕሮግራም ስለነበረ፣ ሰው ይስቅበት እንጂ የነካው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ደላላው እንዲነሳና እያንዳንዱ ድራይቨር ጥሪውን ራሱ እንዲቀበል ተወሰነ። ሥራው ለሺንሩ ተሰጣት፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮም ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ ስትቀይር ከርማ፣ የቀራት ይህ የሚሳቅበት ብቻ ነው።

«ይኼኛውን አታስተካክዪው» አላት ፓን፣ ልጆቹ ሻይ ሊቀዱ ሲወጡ። «ሌሎቹን ጨርሰሻል፤ እጅሽ ይባረክ። ይኼን ግን አውጥተሽ ጣዪው። ካርዱ ማን ጋ አለና ነው የሚፈተነው?»

በዚህ ሥራ ደንቡ የታወቀ ነው። ማንኛውም ለውጥ በደብዳቤ በአደባባይ ይላካል፤ የፈለገ ሰው ከየትኛውም አገር ያነበዋል፤ በእውነተኛው ዕቃ ላይ ያልተፈተነ ግን ተቀባይነት የለውም። ለውጦቹን የሚሰበስበው ሰው ደጁን የሚዘጋው ዛሬ አመሻሽ፣ በታይፔ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደላላው ሲነሳ ያልተቀየረ ድራይቨር አብሮ ይሰረዛል።

«ካርዱ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ጋሼ ፓን» አለች ሺንሩ።

«ማነው? ሙዚየም ነው?»

«ዮንግሄ ነው የሚኖረው። አሁኑኑ ሄጄ ልፈትነው።»

«በዚህ ዝናብ? ለዚህ?» ፓን የቂጣውን ወረቀት ጨመደደና ትከሻውን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «እንደ ፈለግሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደብዳቤሽን ካላየሁ ግን የመሰረዣውን ደብዳቤ ራሴ እልካለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ።»

የድራይቨሩ ጽሑፍ ራስጌ ላይ የጸሐፊው ስም አለ፤ ወንግ ጂንጻይ ይላል። ሺንሩም ወንግ ናት። ነገር ግን በዚህ ከተማ ወንግ ሞልቷል፤ እዚህ መሥሪያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። አባቷ ይህን ድራይቨር የጻፈው እሷ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ ዛሬ በሌለ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ነው። ያኔ አንድ የውጭ አገር ሰው ሁልጊዜ የእኔ ነው የምትለውን መስመር አይቶ «ይህን የጻፈው ሰው ጥሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው» ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ አባቷን ከጠረጴዛው አንሥቶ የደንበኞችን አቤቱታ በስልክ እንዲቀበል አደረገው፤ ድርጅቱ እስኪዘጋም እዚያው ቆየ። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር ተወርቶ አያውቅም። ሺንሩ የውጭ አገሩን ሰው ደብዳቤ ያገኘችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ የአባቷን ስም እንዲያው ስትፈልግ ነው። አነበበችው፤ ዘጋችው። አባቷን ስለ ሥራ መጠየቅ ያቆመችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባቡሩ ውስጥ ጃንጥላ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ሺንሩ በር አጠገብ ቆማ፣ ላፕቶፑን እቅፍ አድርጋ፣ መሠረት ያለው ምክንያት ለራሷ ትደረድራለች። ካርዱ የተሸጠው ለጥልፍ ማሽን ስክሪን ነበር፤ እዚህም እዚያም ካርዱን ገና የሚጠቀሙ ትንንሽ የጥልፍ ቤቶች አሉ፤ የነሱ ማሽን ነገ ጠዋት ባይነሳ ማን ይጠየቃል? ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ባቡር ያሳፈራት ይህ አልነበረም። የመሰረዣውን ደብዳቤ ፓን ሲጽፈው ምን እንደሚል ታውቃለች። ያችን የጎረቤት ቀልድ አንድ ቦታ ላይ ሳያስገባ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ስለ ወንግ ጂንጻይ በዓለም ላይ የሚቀረው የመጨረሻ ጽሑፍ ያ ይሆናል። ቢያንስ ተስተካክሎ ይኑር፤ ስህተቱን ያረመችው ልጁ ትሁን፤ ያሰበችው ይህን ያህል ነበር። ከጣቢያው ስትወጣ ባዶ እጇን እንዳትገባ ከአንዲት ጋሪ ላይ በሰማንያ ዶላር የዘይቱን ፍሬ ገዛች፤ ሻጯ ከመዘነች በኋላ አንድ ጠባሳ ያለባት ፍሬ መርቃ ጨመረችላት።

የወላጆቿ ቤት አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ የየቤቱ ጫማ፣ የየቤቱ ጃንጥላ፣ አንዱ ጎረቤት የጣለው ብስክሌት አለ። እናቷ በሩን የከፈተችላት የቀርከሃ ቡቃያ ሲላጥ የሚቀረው ልጣጭ እጇ ላይ እንደተጣበቀ ነው።

«ሳትደውይ?» አለች። «ከሥራ አባረሩሽ እንዴ?»

«አላባረሩኝም፣ እማዬ።»

«ዓርብ በቀን ቤቱ የሚመጣ የተባረረ ነው። ጫማሽን ጋዜጣው ላይ አድርጊው፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት። ዘይቱን በስንት ገዛሽ?»

«በሰማንያ።»

«ተታለልሽ። እዚህ ታች ስልሳ ነው፤ ያውም የማይመር።»

አባቷ በመስታወትና በብረት ፍርግርግ በተዘጋችው በረንዳ ላይ፣ ከተሰጡ ልብሶች ሥር ተቀምጦ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ቼዝ ይጫወታል። ኮምፒውተሩ ያረጀ፣ ማራገቢያው እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስት ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ሌላው ሰው ወንበርና ማቀዝቀዣ ሲሻማ እሱ የወሰደው ይህን ብቻ ነው። ሺንሩን ከትከሻው በላይ አየት አደረገና ፊቱን መለሰ። «በልታለች ወይ?» አለ ወደ ወጥ ቤቱ። እናቷም «ጆሮ አላት፤ ራስህ ጠይቃት» አለች። አልጠየቃትም። በዚህ ቤት ብዙ ነገር እንዲህ በእናቷ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ገንዘብ ይፈልጋል ወይ፣ ሐኪሙ ምን አለው፣ ለአዲስ ዓመት ትመጣለች ወይ። ጠብ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ ኮሪደር ሲገናኙ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን እየተጠጉ መተላለፍ እንደሚያቅታቸው ያለ ነገር ነው፤ ሲለመድ ደግሞ ሁለቱም ቆመው መጠበቅ ይጀምራሉ።

«አባዬ፣ ኮምፒውተርህን ልዋስህ» አለች ከበረንዳው በር ላይ ቆማ። «ካርዱን ነው የምፈልገው። ድራይቨሩን እየቀየርኩት ነው።»

እጁ ማውሱ ላይ ቆመ። «የትኛውን ድራይቨር?»

«ያንተን።»

ጨዋታውን አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ ወንበሩን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገላትና ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ፣ ከእይታ ውጭ ማለት ይቻላል፣ ሄዶ ቆመ። አልጠየቃትም፤ እሷም ብዙ አላብራራችም። ጥሪውን በራሱ እንዲቀበል የሚያደርገውን ክፍል ቢሮ ሳለች ጨርሳዋለች። ያችን መስመር ደግሞ ደንቡ እንደሚለው ለውጣታለች፤ ድራይቨሩ እንግዲህ ዝም ብሎ የእኔ ነው አይልም፤ መጀመሪያ ካርዱን «ጥሪ አሰምተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አሮጌው ኮምፒውተር አዲሱን ከርነል እስኪቀበል ረጅም ጊዜ ወሰደ። እናቷ በመሃል እየመጣች የጎድን ሥጋ በዚህ ሳምንት ስንት እንደገባ፣ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ምራት ማርገዟን፣ የቆሻሻ መኪናው ሰዓት መቀየሩን እየነገረቻት ተመለሰች። በመጨረሻ ስክሪኑ በራ። የቼዙ ሰሌዳ ወጣ። ሺንሩ ማውሱን አንቀሳቀሰች፤ ቀስቱ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ስዕሉ ደረቀ፤ ማውሱ ሞተ። ከላፕቶፗ ጋር ባገናኘችው ሽቦ የመጣላትን መዝገብ ስታይ፣ የታችኛው መስመር «ማንንም ግድ አላለውም» ይላል።

ከአንሶላው ጀርባ የአባቷ ድምፅ መጣ። «እስከ ስንት ቆጠርሽ?»

«ምን?»

«እስኪደርቅ ድረስ። እስከ ስንት ቆጠርሽ?»

«እኔ እንጃ… እስከ ሦስት ቢሆን ነው።»

«ፈጥኗል» አለ። «ያኔ እስከ አምስት ይደርስ ነበር።»

ሺንሩ ወንበሩ ላይ እንዳለች ዞረች። አንሶላው ሥር የአባቷ ነጠላ ጫማና ቀጭን ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ይታያል። ቀስ ብሎ ነገሩ ይገባት ጀመር፤ መጀመሪያ እንደ ሥራ ነገር፣ ከዚያም እንደ ሌላ። ይህ ሰው ይህንን አይቶታል። እሷ ዛሬ የጻፈችውን፣ ትክክለኛውን፣ ደንቡ የሚለውን፣ ያኔ ጽፎታል፤ ደርቆበታል፤ እስኪደርቅ ድረስ ቆጥሯል። የሚሳቅባት መስመር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱ ጥሪ ያሰማል፤ አሰምተሃል ወይ ሲባል ግን አላሰማሁም ይላል። የሚዋሽ ዕቃ ነው። የሚዋሽ ዕቃ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? አይጠይቀውም። በቃ የእኔ ነው ይላል።

«አባዬ፣ ካርዱ ነው እንዴ የሚዋሸው?»

አንሶላው ተነቃነቀ፤ አባቷ ወጣ። ወጥ ቤቱን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቺፑ ነው» አለ። «የገዛነው ቺፕ ችግር ነበረበት። ርካሽ ነበር። ያለፈ ነገር ነው፤ ተይው። መስመሯን እንደነበረች መልሺያትና ይሠራል።»

«ቺፑ ምንም አልነበረበትም።»

እናቷ ናት። ቢላዋውን እንደያዘች በረንዳው በር ላይ ቆማለች። ሺንሩ እናቷ ያኔ በዚያው ድርጅት ትሠራ እንደነበር ታውቃለች፤ ካርዱ የሚሠራበትን ሰሌዳ፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ የቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የምትስል መሐንዲስ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሙያውን ትታ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ እስክትደክም ሠርታለች። ለምን እንደተወችው አልተነገረም፤ ልጅ የማይጠይቀው ዓይነት ነገር ነበር።

«ተይ፣ የሺንሩ እናት» አለ አባቷ።

«ከቺፑ ጎን መግባት የነበረባት አንዲት ሬዚስተር ናት» አለች እናቷ ለሺንሩ፣ እሱን እንዳልሰማች። «የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ የምታህል። ቺፑ ሲጠይቁት እውነቱን የሚናገረው እሷ ስትኖር ነው። የሰሌዳው ስዕል ላይ ሳላስገባት ቀረሁ። አባቴ ፒንግቱንግ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ስዕሉን የጨረስኩት ባቡር ውስጥ ነው። ምክንያት እየሰጠሁሽ አይደለም፤ እንደነበረው ነው የምነግርሽ። ሲታወቅ ካርዶቹ በሣጥን ሆነው ኪሉንግ ወደብ ደርሰዋል። አባትሽ ለማንም ሳይናገር አንድ ሌሊት ቢሮ አደረ፤ ጠዋት ሁሉም ካርድ ሠራ። አለቃው ‹እንዴት ሠራ?› እንኳ አላለም፤ መርከቡ ሄደ።»

«ማንም አይቶት አያውቅም እኮ» አለ አባቷ። ለልጁ ይሁን ለሚስቱ አልታወቀም። «ማንም አላየም።»

«እኔ አየሁት።» ቢላዋውን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ አስቀመጠች። «በዚያው ሳምንት። መስመሯን ሳያት ለምን እንደጻፍካት ገባኝ። ከዚያ ያ የፈረንጁ ደብዳቤ መጣ፤ አትመው ሻይ መቅጃው በር ላይ ለጠፉት። በየቀኑ በሱ ሥር አልፌ ሻይ እቀዳ ነበር። አላነሣሁትም። አንዲት ቀን እንኳ አላነሣሁትም።»

ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይመታል። ማራገቢያው ያቃስታል፤ የደረቀው የቼዝ ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ሺንሩ ስታድግ በየምሳው ያየችው ነገር፣ እናቷ ዓሣ ስታወጣ የጉንጩን ሥጋ ለይታ ሳትናገር አባቷ ሳህን ላይ የምታኖረው፣ አባቷም ሳያመሰግን የሚበላው፣ ድንገት ትዝ አላት። የባልና ሚስት ልማድ ይመስላት ነበር። አባቷ አንሶላውን ይነካካል፤ ደርቆ እንደሆነ የሚያይ ይመስላል። አልደረቀም፤ በዚህ ዝናብ አይደርቅም።

«ሌላ መንገድ አልነበረም?» አለች ሺንሩ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ስላለበት። «ካርዱን ሳይጠይቁ ማወቂያ?»

ይህ የሥራ ጥያቄ ነው፤ አባቷ ወደ እሱ እንደ ተሻለ ክፍል ገባ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረደ። «ካርዱ ስዕሉን የሚያወጣው መስመር በመስመር ነው። ስንተኛው መስመር ላይ እንደደረሰ የሚቆጥርበት ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ አይዋሽም። ደውለሃል ወይ ብለሽ አትጠይቂው። የት ደረስክ ብለሽ ጠይቂው። መጨረሻው መስመር ላይ ከሆነ ደዋዩ እሱ ነው፤ ካልሆነ የሌላ ነው።»

«ይህን መቼ አወቅከው?»

«ካርዶቹ ከሄዱ ሁለት ሳምንት በኋላ።»

«ታዲያ ለምን አልላክኸውም? ደብዳቤው ሳይመጣ፣ ሳይሳቅብህ…»

«ብልኅ የሆነ ነገር ከጻፍኩ ‹ለምን እንዲህ አደረግህ?› ይላሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጠው ያያሉ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «የሞኝ ለሚመስል መስመር ማንም ለምን አይልም። ይስቃሉ፤ ያልፋሉ።»

ሺንሩ ጠዋት ስትስቅ የነበረችበትን ፊቷን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ጻፈች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እዚያ ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ የካርዱን የማስታወሻ ቦታ አዘጋጂና ከዚያ ጥሪውን ተቀበዪ፤ አለበለዚያ የማውሱ ጥሪ ባዶ ቤት ይገባብሻል» እያለ አረማት፤ እውነቱን ነበር፤ እንዲያ ሳታደርገው ቀርታለች። ሊስቅባት ይችል ነበር፤ አልሳቀም። በመሃል እናቷ የቡቃያውን ሾርባ አምጥታ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ሦስቱም ያለ ጠረጴዛ፣ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሉ። ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሣ። የቼዙ ሰሌዳ ወጣ። ሺንሩ እስከ ሦስት ቆጠረች፤ እስከ አምስት ቆጠረች፤ መቁጠሯን ተወች። አባቷ ማውሱን ወሰደና ሁለት ሙሉ ጨዋታ ተጫወተ፤ በሁለቱም ተሸነፈ። «በደንብ ይሠራል» አለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ብዙ አልቀረም። የቀረው ደብዳቤው ነው፤ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ። ሺንሩ ጣቶቿን አንሥታ ቆየች። አባቷ «የሰሌዳ ችግር በያቸው፤ ከዚያ በላይ ማን ይፈልጋል» አለ። እናቷ ሳህኖቹን እየሰበሰበች ነበር፤ ቆመች።

«እዚያ ደብዳቤ ግርጌ የሰው ስም ታደርጉ የለም?» አለች። «ማን ማን ነው የሚጻፈው?»

«የጻፈው ሰው። የፈተነው ሰው፤ አባዬ ነው። ከዚያ… ጉድለቱን አግኝቶ ያስታወቀ ሰው ካለ የሱም ይጻፋል። ምስጋና ነው።»

«ታዲያ ያስታወቀው ማነው?»

ሳህኖቹን መልሳ አስቀመጠች።

«እኔ አይደለሁም ያስታወቅሁሽ? አሁን፣ እዚህ ቆሜ?»

«ምን አስፈለገሽ» አለ አባቷ። «ከሃያ ዓመት በኋላ አስታወቀች ብለው ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። ይህን ያህል ዘመን ባንተ ስቀዋል፤ እስኪ ትንሽ በእኔም ይሳቁ።»

ሺንሩ እየጻፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ፓን ነው። «በሕይወት አለሽ? የመሰረዣው ደብዳቤ እጄ ላይ ነው፤ ልልከው ነው» አላት።

«አትላከው፣ ጋሼ ፓን። ተፈትኗል፤ ይሠራል። ሰውየው የሞኝ ሥራ አልሠራም፤ ስልከው ታነበዋለህ።» ወደ አባቷ ዞር አለች። «አባቴ ነው።»

«ማን?»

«ያ ጎረቤት።»

ከወዲያ በኩል የቢሮው የዓርብ ማታ ጫጫታ ይሰማል። «ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ፓን፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«እየሳቅሁ ነበር» አለችው።

ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሰሌዳው ላይ አንዲት ሬዚስተር ስለቀረች ካርዱ ስለ ጥሪው ሲጠየቅ እውነቱን መመለስ እንደማይችል ይናገራል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህን አውቆ ካርዱን ላለመጠየቅ እንደወሰነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉም በዚያ ምክንያት ማሽኖቹ እንደሠሩ ይናገራል። «አውቆ» የሚለው ቃል ላይ አባቷ መነጽሩን አወረደና መስኮቱን አየ። ግርጌው ላይ ጉድለቱን ያስታወቀች ሉኦ ዩንጁ፣ የፈተነው ወንግ ጂንጻይ፣ የጻፈችው ወንግ ሺንሩ ይላል።

«ከተላከ በኋላ መሰረዝ ይቻላል?» አለች እናቷ።

«አይቻልም፣ እማዬ። ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፤ ይቀራል።»

«የቱን ነው የሚጫኑት?»

ሺንሩ አሳየቻት። እናቷ እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ አንዱን ጣቷን ዘረጋች፤ ሳትቸኩል ተጫነችው። ምንም አልሆነም፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብቻ መጣች፤ ተልኳል ትላለች። እናቷ «ይኸው ነው?» አለች፤ ሳህኖቿን አንሥታ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች፤ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

አባቷ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ። ከዚያ ሺንሩ በዚህ ቤት ስትኖር ሰምታ በማታውቀው ድምፅ፣ «የሺንሩ እናት» ሳይል፣ ሚስቱን በገዛ ስሟ «ዩንጁ» ብሎ ጠራ።

ውሃው ቆመ። «አቤት» አለች እናቷ።

አባቷ የፈለገው ስሟን መጥራት ብቻ ነበር። እሷም ምንም ሳትጠይቅ፣ ቧንቧውን ሳትከፍት፣ እዚያው ቆማ ጠበቀችው።